በፍቅር ደብዳቤ ስም ስለ ገባው የኮምፒዩተር ቫይረስ

በየቤቱ ያለው ኮምፒዩተር የሰነድ ሣጥንም የፎቶግራፍ አልበምም ሆኖ ስለሚያገለግል፣ ቫይረስ የሚባለው ጎጂ ፕሮግራም በገባበት ጊዜ ጉዳቱ በቤተ ሰቡ ትዝታ ላይ ጭምር ይደርሳል። ስለዚህ የመጠበቂያውን መንገድ ለማወቅ ቀድሞ የሆነውን መመርመር ይበጃል ብለን እናምናለን።

የቀድሞዎቹ ቫይረሶች የሚጓዙት በሰው እጅ ነበር። በ1978 ዓ. ም. በፓኪስታን፣ በላሆር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች የሠሩት ብሬይን የተባለው ቫይረስ የተዛመተው ሰዎች በሚዋዋሱት ፍሎፒ ዲስክ ነው። ወንድማማቾቹ ስማቸውንና አድራሻቸውን፣ የስልክ ቁጥራቸውንም ሳይቀር በውስጡ ጽፈው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት እንዲህ ያለ ደግነት አላሳዩም።

ኢንተርኔት ከተስፋፋ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ. ም.፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 4 ቀን 2000፣ ከፊሊፒንስ የተነሣ አንድ ኢ-ሜይል ዓለምን አዳረሰ። ርእሱ «እወድሃለሁ» የሚል ሲሆን፣ አባሪው የፍቅር ደብዳቤ መሆኑን ይናገር ነበር። ተቀባዩ አባሪውን እንደ ከፈተ፣ በአውትሉክ የአድራሻ መዝገቡ ውስጥ ለሚገኙት ሁሉ ያው ደብዳቤ በእርሱ ስም ይላካል። ስለዚህ የሚደርሰው ከባዕድ ሳይሆን ከዘመድ፣ ከባልደረባ፣ አንዳንድ ጊዜም ከአለቃ ነበርና ማን ይጠርጥር? የእንግሊዝ ፓርላማ እንኳ ኢ-ሜይሉን ለጊዜው እስከ መዝጋት ደረሰ።

የአባሪው ስም ሁለት ቅጥያ ነበረው፤ ፊተኛው የተራ ጽሑፍ፣ የኋለኛውና እውነተኛው ግን የፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ስለሚሰውር፣ የብዙ ሰው ዓይን ያየው ፊተኛውን ብቻ ሆነ። ዊንዶውስ ይህን ልማድ ዛሬም አልተወምና፣ ባለ ኮምፒዩተሩ ቅጥያዎቹ ሁሉ እንዲታዩ አድርጎ ቢያስተካክል ትንሽ ድካም ነው። የፀረ ቫይረስ ፕሮግራም የነበራቸውም ቢሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ብዙዎቹ አልዳኑም፤ በዚያን ጊዜ ፕሮግራሙ በይበልጥ የሚለየው ቀድሞ የታወቀውን ቫይረስ ስለ ነበረ፣ የአዲሱ ምልክት እስኪደርሰው መጠበቅ ነበረበት። ፕሮግራሙን ሳያሳልሱ ማደስ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ሠሪው የማኒላ ተማሪ ነበር። በአገሩ ይህን ወንጀል የሚቀጣ ሕግ ስላልነበረ ክሱ ቀረ፤ ሕጉ ሰኔ 7 ቀን 1992 ዓ. ም. ቢጸድቅም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሠራበት አልቻለም። ከ20 ዓመት በኋላ ለአንድ ጋዜጠኛ እንዳመነው፣ የፈለገው የሌሎችን የይለፍ ቃል ሰርቆ ኢንተርኔት ያለ ክፍያ ለማግኘት ነበር።

ቫይረሱ የዘፈን ፋይሎችን ሰወራቸው እንጂ አላጠፋቸውም፤ ፎቶግራፎቹን ግን ራሱን በላያቸው እየጻፈ ደመሰሳቸው። ከኮምፒዩተሩ ጋር እንደ ተያያዘ የቆየውን ዲስክም ፈልጎ ስለሚያገኘው፣ በዚያ ላይ የተቀመጠው ቅጂ ባለቤቱን አልጠቀመውም። የልጆቹን ፎቶግራፍ መልሶ ያገኘ፣ ቅጂውን በሌላ ዲስክ አድርጎ፣ ነቅሎ በመሳቢያ ያኖረ ሰው ነበር።