ሯጩ ሐኪምና ብዕራቸው

«ሳይንስ ወይስ ድርሰት? አንዱን ምረጡ» እየተባልን ለመጨረሻው ክፍል ደረስን። ሰር ሮጀር ባኒስተር ግን የሕክምና ተማሪ ሳሉ፥ በ1954 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ላይ አንድ ማይል በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሴኮንድ ሮጡ፤ ከአራት ደቂቃ በታች የገቡም የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። በሚከተለው ዓመት ታሪካቸውን በመጽሐፍ አወጡ። መጽሐፉ ለልጆች የተጻፈ ባይሆንም ታናናሾቻችን ቢያነቡት እንወዳለን።

ከዚያ በፊት በቤተ ሙከራ፥ ኦክስጅን የተጨመረበት አየር ሯጭን ምን ያህል እንደሚያበረታ ራሳቸው ሮጠው መርምረው ነበር። ይህን ስናነብ ጥቂት ደንገጥ አልን! ምናልባት የአበረታች መድኃኒትን ፈተና ቀድመው የተረዱት ስለዚህ ይሆናል። ከ1971 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ስፖርት ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሳሉ፥ ጡንቻ የሚያፈረጥመው ስቴሮይድ በሽንት ምርመራ የሚታወቅበት ዘዴ እንዲገኝ ተጉ። በ1976 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ስፖርተኞች በስቴሮይድ ተመረመሩ። የነርቭ ሐኪምነታቸውንም አልተዉም ነበር።