የሚታጠፈው ጠርዝ

ከምሠራበት ባንክ ወጥቼ በምኒልክ አደባባይ በኩል ሳዘግም የሴት አያቴ የአልጋ ልብስ ትዝ ይለኛል። በአቡጀዲድ ላይ የሽቲ አበቦች ተለጥፈው የተሰፉበት ነው። ጎረቤት «ድሪቶ» ይለው ነበር። አያቴ ግን ከልብስ ሰፊዎች ደጃፍ ያገኘችውን ቁራጭ ሁሉ አታነሣም፤ ትመርጥ ነበር።

ቁራጩን ወደ ብርሃን ትዘረጋዋለች፤ የሳሳውን ትተወዋለች። ጥጉን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ታሻለች፤ ቀለም ከለቀቀ አትወስደውም። ከዚያም ቅጠሉና ግንዱ ያልተጎመደ፣ ሙሉ አበባ ትፈልጋለች።

አንድ ቀን መቀሱን ለእኔ ሰጠችኝ። ልክ በአበባው መስመር ላይ ቆረጥኩት። አይታ «ልጄ፣ የሚታጠፈውን ከየት ታመጣለታለህ?» አለችኝ። ለካ ዙሪያውን ትርፍ ጨርቅ መተው ያስፈልግ ኖሯል፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ካልተሰፋ ክሩ ይተረተራል።

ይህ ጥበብ የአያቴ ብቻ አይደለም። የሕንድ ባለአበባ ጥጥ ቀለሙ በእጥበት ስለማይለቅ አውሮፓን ማርኮ ነበር። የሱፍና የሐር ሠሪዎች ቢጮሁ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1686፣ እንግሊዝ በ1721 ከለከሉት፤ ክልከላው የተነሣው በፈረንሳይ በ1759፣ በእንግሊዝ በ1774 ነበር። ጨርቁ ውድ ነበርና ሴቶች አበባውን ብቻ ቆርጠው በተራ ጨርቅ ላይ ይሰፉት ጀመር። ኋላም፣ ጨርቁ የሕንድ ሆኖ ሳለ፣ ስፌቱ «የፋርስ ጥልፍ» ተባለ።

የእኛም አራዳ የጨርቅ አገር ነበረች። እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ የከተማይቱ ዋና ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር፤ ወደ ዛሬው መርካቶ የዞረው በወረራው ዘመን ነው። እንደ መሐመዳሊ ያሉ የሕንድ ነጋዴዎች በከተማዋ ይነግዱ ነበር። በ1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ የአሜሪካ የጥጥ ጨርቅ ቀድሞ አገራችን ገብቶ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ጨርቅ ብቻ ብዬ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ ሰፈሮች ፈረሱ። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የምኒልክ ሐውልትም በፈረሱ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። አበባዎቹ ተርፈዋል። ልብስ ሰፊው፣ ሻይ ቤቱ፣ አያቴ ቁራጭ የለመነችበት ደጃፍ ግን የሉም። ያረጀ ቤት ሁሉ ይቆይ ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ ለነዋሪው ጭንቅ ነበሩ። ነገር ግን ሐውልትን ከሰፈሩ ለይተን ስናስቀር፣ የሚታጠፈውን ጠርዝ ቆርጠን እንደ ጣልነው ይሰማኛል።

አያቴ ያን ያበላሸሁትን አበባ አልጣለችውም። ክሩ እየተተረተረ፣ አልጋ ልብሱ ጥግ ላይ፣ ዛሬም አለ።