የልደት መዝገብና የትውልድ ቍጥር

ከባቢሎን ምርኮ ወደ ኢየሩሳሌም ከተመለሱት ካህናት አንዳንዶቹ የትውልዳቸውን መዝገብ ፈልገው ስላላገኙት ከክህነት እንደ ተከለከሉ በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ከእነርሱም ውስጥ የቤርዜሊ ልጆች ነበሩበት፤ አባታቸው ከገለዓዳዊው ከቤርዜሊ ልጆች አንዲቱን አግብቶ በእነርሱ ስም ተጠርቶ ነበርና። እነዚህ ሰዎች አባት አላጡም፤ አባታቸውን የሚመሰክር ጽሕፈት አጡ እንጂ። ስለዚህ አባትን ማወቅ አንድ ነገር፥ ማስረዳትም ሌላ ነገር ነው።

እንዲህ ያለው መዝገብ ለካህናትና ለመኳንንት ብቻ ሳይሆን ለድኻውም ጭምር እንዴት እንደ ተዘረጋ ለማየት የእንግሊዝን አገር ታሪክ እንመልከት። በዚያ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1538 ዓ.ም. የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ የተጠመቁትን፥ የተጋቡትንና የተቀበሩትን በየሳምንቱ በመጽሐፍ እንዲጽፍ አዘዘ። ሕዝቡ ግን አዲስ ግብር ሊጣልብን ነው ብሎ ፈርቶ ነበር። የታላቁ ባለቅኔ የዊሊያም ሼክስፒር ጥምቀት በ1564 ዓ.ም. በኤፕሪል 26 ቀን መሆኑ የሚታወቀው በስትራትፎርድ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። የተወለደበት ቀን ግን እስከ ዛሬ በግምት ነው፤ መዝገቡ ጥምቀትን እንጂ ልደትን አልጻፈምና። ኋላም ከ1837 ዓ.ም. ከጁላይ 1 ቀን ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ልደት፥ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍ ሆነ።

በዚያ አገር ትውልዱን የሚመረምር ሰው ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው ይሄዳል። በመጀመሪያ የአባቱን የልደት ወረቀት ያስወጣል፤ በእርሱም የአያቱን ስምና ሥራ፥ የሴት አያቱንም ከጋብቻ በፊት የነበራትን ስም ያገኛል። ሚስት በባሏ ስም ስለምትጠራ፥ ይህ ስም ባይጻፍ ኖሮ የእናት ዘር እንደ ቤርዜሊ ልጆች ነገር ተሰውሮ በቀረ ነበር። ከዚያም በሁለቱ ስም የጋብቻቸውን ወረቀት ይፈልጋል፤ ይህም ዕድሜያቸውንና የአባቶቻቸውን ስም ይነግረዋል። ዕድሜውን ከጋብቻው ዓመት ቀንሶ የልደታቸውን ዓመት ይገምትና እንደ ገና ወደ ልደት መዝገብ ይመለሳል። እንዲህ እያለ እንደ መሰላል ደረጃ በደረጃ ይወጣል።

መዝገብ ግን የሰው እጅ የጻፈው ነውና ጕድለት አለበት። ልጁን ያላስመዘገበ ወላጅ እንዲቀጣ የተደረገው ከ1875 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ተወልደው ሳይጻፉ የቀሩ አሉ። ደግሞም አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሕፃናት በአንድ ከተማ በአንድ ዓመት ሲገኙ፥ ቸኩሎ አንዱን አያቴ ነው ማለት የሌላውን ሰው ዘር መቀማት ነው። ስለዚህ አንዱን ወረቀት በሌላው ማስመስከር ያስፈልጋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ ሚስት ስሟን አትለውጥም፤ ልጅም ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ይጠራል። ሰባት ቤት መቍጠር ለጋብቻ ዛሬም ያስፈልጋል፤ መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት እስከ ሆነ ድረስም በርስት ሙግት ያስፈልግ ነበርና ሽማግሎች ትውልዱን በቃላቸው ይዘው ኖረዋል። ሆኖም ስሙ ሲቈጠር ዘመኑ አብሮ አይቈጠርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ ቢደነግግም፥ እነዚያ አንቀጾች ሥራ ላይ ሳይውሉ ቆዩ። በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 760 ወጥቶ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ታዘዘ፤ ምዝገባውም በአገሪቱ በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። እንግዲህ በዚህ መዝገብ ከቶ የማይገኙ አያቶቻችን ብዙዎች ናቸው።

የክርስትና ወረቀት ያለው ሰው ግን መንገድ አለው። ወንድ በ40፥ ሴትም በ80 ቀን ይጠመቃሉና፥ ሥርዓቱ በጊዜው ተፈጽሞ እንደ ሆነ ከጥምቀቱ ቀን ወደ ኋላ ቈጥሮ የልደቱን ቀን ማግኘት ይቻላል። ዳሩ ግን የክርስትና ስምና የዓለም ስም የተለያዩ ናቸውና፥ ሁለቱ በአንድነት ካልተጻፉ የልጅ ልጆቻችን አንዱን ሰው ሁለት አድርገው ይቈጥሩታል።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሕፈት ያለ ይወረሳል ይባላል። አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ የሚወለደውን መዝገቡ ይጠብቀዋል፤ ከመዝገቡ በፊት ለተወለደው ግን ያለው መዝገብ የሽማግሎች አፍ ነው። አያትህ በሕይወት ካለች ሂድና ጠይቃት፤ የነገረችህን፥ የነገረችህንም ቀን ጨምረህ ጻፍ። የቤርዜሊ ልጆች መዝገቡን መፈለግ የጀመሩት ሲጠየቁ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የሚመሰክርላቸው አላገኙም።