ስንዝር ከጋት

ኮድ ስጽፍ ትርፍ ነገር ያናድደኛል። አምና ክረምት ሥራዬን በላፕቶፕ ይዤ ወረታ ስገባ የእናቴን ጓሮም በዚሁ ዓይን አየሁት። በበርበሬ ችግኞቹ መሃል ያለው መሬት የባከነ መሰለኝ። እሷ ገበያ በሄደችበት በየመሃሉ አንድ አንድ ችግኝ ጨመርኩ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ቅጠሎቹ ተደራርበው ሳይደርቁ መዋል ጀመሩ። ነፋስ አይገባም። አፈሩ ደግሞ ዋልካ ነው፤ ውሃ ይይዛል። መጀመሪያ አንዱ ጠወለገ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ በመጨረሻ መደቡ በሙሉ። የዓመቱን በርበሬ ከገበያ ገዛን። ዋጋውን ታውቁታላችሁ።

ከጥፋቴ በኋላ ማንበብ ያዝኩ። በርበሬ ከጥንት የእኛ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ከኮሎምበስ የ1492 (እ.ኤ.አ.) ጉዞ በፊት በእኛ በኩል የሚያውቀው አልነበረም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፈሉ የአገሩ ወጥ በርበሬ አልገባበትም ማለት ነው።

ፎገራ ሌላም እንግዳ ተቀብሏል። ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ድሮ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት መሰማሪያ ነበር። በደርግ ዘመን ሩዝ መጣ፤ ጅግናና ሻጋ ላይ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጀመረ። ሩዝ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድጋል፤ በርበሬ ግን ሥሩ ውሃ ውስጥ ከሰነበተ ይበሰብሳል። ዘሩ ከሩቅ ይመጣል፤ በዚህ አፈር ላይ እንዴት እንደሚኖር የሚማረው ግን የዚህ አገር ሰው ነው።

በአገራችን ለበርበሬ የሚመከረው ርቀት በመስመሮች መካከል 70፣ በችግኞች መካከል 30 ሴንቲሜትር ነው። አሰላሁት፤ በሄክታር 47,600 ችግኝ ገደማ ይሆናል። እናቴ ሜትር ይዛ አታውቅም። «መስመሩን ክንድ ከስንዝር፣ ችግኙን ስንዝር ከጋት፤ እናቴም እንዲሁ ነበር የምትተክለው» አለችኝ። እጇን በሜትር ለካሁት፤ 68 እና 29 መጣ።

አፈርኩ። ባዶ ያልኩት ቦታ የነፋሱና የሥሩ ነበር።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ አብረን ተከልን። ክንዴን ዘርግቼ ስለካ ቆማ አየችኝና፣ «ያንተ እጅ ረጅም ነው ልጄ፤ ጋቱን ተወው፣ ሁለት ሦስት ጣት ይበቃሃል» አለች።