የሲኒ ታሪክ

እዚህ ባይሽ በቀን ስንት ጊዜ ሲኒ እንደማጥብ አትጠይቁኝ። ዛሬ ግን የራሴን ሳይሆን የሲኒ ታሪክ ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ በሲልቪያ ፓንክረስት ስም የተሰየመ መንገድ አለ። ሴትዮዋ እንግሊዛዊት ናቸው። ጣሊያን በወረረን ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፍ ጋዜጣ ለንደን ላይ አቋቁመው ጮኸውልናል። ከዚያ በፊት ግን ሠዓሊ ነበሩ።

ያኔ እንግሊዝ አገር ሴት ፓርላማ አትመርጥም። እናታቸው ኤመሊን በ1903 የሴቶች ማኅበር መሠረቱ። ሰው ሁሉ «ቤታቸውን ጥለው አደባባይ ወጡ» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። እነሱስ ምን አደረጉ? ያንኑ የቤት ዕቃ መታገያ አደረጉት! በ1909 ለንደን ላይ ትልቅ ባዛር ሲያዘጋጁ ሲልቪያ የሳሉት መለከት የሚነፋ መልአክ በሻይ ስኒና በማስቀመጫው ላይ ታተመ። በሱ ሻይ ተጠጣ፣ ከዚያ ስኒው ተሸጦ ብሩ ለትግሉ ዋለ። ሐምራዊ፣ ነጭና አረንጓዴ ቀለማቸውንም በሪባን በባጁ ያደርጉ ነበር። ታስራ ለወጣች ሴት ደግሞ የብረት ፍርግርግ በር ቅርጽ ያለው የደረት ጌጥ ይሰጣታል። እሱንም የሠሩት ሲልቪያ ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ስንት ጊዜ ታስረዋል።

እኔን የነካኝ ግን ይሄ ነው። በ1918 ሕጉ ሲወጣ ለሁሉም ሴት አልነበረም። ከ30 ዓመት በላይ ሆና፣ ቤት ያላት ወይም ባሏ ቤት ያለው መሆን አለባት። በአሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ ታዲያ ምን ቤት አላት? ያንን ስኒ ያጠበችው ልጅ አልመረጠችም ማለት ነው። ሴቱ ሁሉ እንደ ወንዱ በ21 ዓመቱ የመምረጥ መብት ያገኘው በ1928 ነው። ሲልቪያ ግን ቀድመው «ድሃዋ ሴትስ?» ብለው ነበር፤ በ1914 ከእናታቸው ማኅበር የተለዩት ከምሥራቅ ለንደን ሠራተኛ ሴቶች ጋር ስለቆሙ ነው።

በእኛ አገር ሴት የመምረጥ መብት ያገኘችው በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። እዚህ ሳዑዲ ደግሞ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ለማዘጋጃ ቤት የመረጡት በዲሴምበር 2015 ነው።

ሲልቪያ ኑሯቸውን አዲስ አበባ አድርገው መስከረም 17 ቀን 1953፣ በመስቀል ዕለት አረፉ። ሥላሴ ካቴድራል ነው የተቀበሩት። በዚያ የምታልፉ እህቶች ነፍስ ይማር በሉልኝ። እኔ ሲኒ ሳጥብ አስባቸዋለሁ።