ሦስት ሜትር ሽቦና መሬት

ፈቃድ የማይጠይቅ አነስተኛ የኤኤም ማሰራጫ እስከ የት እንደሚሰማ የሚወስነው አንቴናው ብቻ አይደለም፤ ወደ መሬት የሚወርደው፣ በተለምዶ ኧርዝ የሚባለው ሽቦም ነው። የመሬትን ጥቅም ቀድሞ በተግባር ያሳየው ጉልዬልሞ ማርኮኒ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ቦሎኛ አጠገብ የማሰራጫውን አንድ ጫፍ ወደ ላይ ሰቅሎ ሌላውን ከመሬት ጋር ሲያገናኘው፣ ምልክቱ ኮረብታ ተሻግሮ ተሰማ።

በ1000 ኪሎኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 300 ሜትር ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና በሚገባ እንዲሠራ የዚህን ሩብ፣ 75 ሜትር ያህል፣ ይፈልጋል። 3 ሜትር ሽቦ የሞገዱ አንድ መቶኛ ብቻ ስለሆነ ወደ ጨረር የሚለወጠውን ኃይል የሚወክለው ሬዚስታንስ 0.04 ኦም ገደማ ይሆናል። የመሬቱ ሬዚስታንስ ግን፣ በተለይ አፈሩ ደረቅ ሲሆን፣ አሥር ኦምና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከኃይሉ አብዛኛው አፈር ሲያሞቅ ይባክናል። ትልልቆቹ ጣቢያዎች መፍትሔውን ያገኙት በ1937 ጆርጅ ብራውንና የአርሲኤ ኩባንያ ባልደረቦቹ ካሳተሙት ጥናት ነው፤ ከአንቴናው ሥር በየአቅጣጫው 120 ያህል የመዳብ ሽቦ መቅበር በአሜሪካ የተለመደ አሠራር ሆነ።

አነስተኞቹ ማሰራጫዎችም በዚያው ዘመን ብቅ እያሉ ነበር። በ1936 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመኝታ ሕንፃዎቻቸው መካከል በዘረጉት ሽቦ ፕሮግራም ማስተላለፍ ጀምረው ነበር። ሙዚቃን ያለ ሽቦ ወደ ቤት ሬዲዮ የሚልኩ ሸክላ ማጫወቻዎችም መጡ። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1938 እንዲህ ያሉትን አነስተኛ መሣሪያዎች ያለ ፈቃድ እንዲሠሩ ፈቀደ። ገደቡ የተለካው በሞገዱ ጥንካሬ ነበር፦ የሞገዱ ርዝመት ለ6.28 ሲካፈል በሚገኘው ርቀት ላይ በሜትር 15 ማይክሮቮልት። ለ1000 ኪሎኸርዝ ርቀቱ 48 ሜትር ያህል ነው።

ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ ስለሚያስፈልግ በኋላ ቀላል አማራጭ ተጨመረ። በ1989 እንደገና በተጻፈው ደንብ መሠረት፣ ከ510 እስከ 1705 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ወደ መጨረሻው የማሰራጫ ክፍል የሚገባው ኃይል ከ100 ሚሊዋት፣ የአንቴናው፣ የመጋቢ ገመዱና የመሬት ሽቦው ድምር ርዝመትም ከ3 ሜትር መብለጥ የለበትም። ደንቡ የቱቦ ማሞቂያ ኃይል እንዳይቆጠር ማለቱ የቫኩም ቱቦ ዘመን አሻራ ነው።

የመሬት ሽቦው መቆጠሩ ተገቢ ነው። ወደ አንቴናው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ያህል በመሬት ሽቦው ስለሚፈስ እርሱም ሞገድ ይረጫል። ማሰራጫው ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ 10 ሜትር ሽቦ በግድግዳው ቢወርድ፣ ዋናው አንቴና ያ ሽቦ ይሆናል። የመሬት ሽቦ ከሌለ ደግሞ የመብራት ገመዱ ሳይታሰብ ቦታውን ይይዛል።

ደንቡ ርዝመቱን ለሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል ስላደረገው የላይኛው ጫፍ ይጠቅማል፤ በ1700 ኪሎኸርዝ የዚያው 3 ሜትር የጨረር ሬዚስታንስ በ1000 ካለው ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ስለሆነም ጠንቃቃ ሠሪዎች ይህን ጫፍ መርጠው፣ ማሰራጫውን ወደ መሬት አስጠግተው፣ የመሬት ሽቦውን እስከ ጥቂት ሴንቲሜትር ያሳጥሩና መዳቡን ከሥሩ አፈር ውስጥ ያበዙታል።