ከአንበሳው ጉሮሮ የወጣው አጥንት

ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት ተኩላና አጥንቱን ያወጣችለት አንገተ ረጅም ወፍ ከኤዞፕ ተረቶች ናቸው። ፌድረስ ታሪኩን በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በላቲን ግጥም ጻፈው። ወፏ ዋጋዋን ስትጠይቅ፣ ተኩላው ከአፌ ራስሽን በደኅና ማውጣትሽ አይበቃሽም ወይ ይላታል።

በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በተሰባሰበው፣ የኦሪት ዘፍጥረት ሚድራሽ (የአይሁድ ሊቃውንት ትርጓሜ) በሆነው በ«በሬሺት ራባ» ተኩላው አንበሳ ሆኗል፤ ተረቱም ትልቅ ሥራ ተሰጥቶታል። የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ዳግም እንዲታነጽ የፈቀደው የሮም መንግሥት ቃሉን ሲያጥፍ፣ በቤት ሪሞን ሸለቆ የተሰበሰበው ሕዝብ ሊያምፅ ተነሣ። ረቢ ዮሹዓ ቤን ሐናንያ ቆመው ይህን ተረት ነገሩት፤ ከዚህ ገዢ እጅ በሰላም መውጣታችን ይበቃናል ሲሉ። ጎንደር ውስጥ ሽማግሌ በተረት ጠብ ሲያበርድ ያየ ሰው ሁኔታውን ወዲያው ያውቀዋል።

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በረኽያ ሃናቅዳን የኤዞፕን ተረቶች በዕብራይስጥ አበጃቸው። «ሚሽሌ ሹዓሊም» የተባለው ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1557 ማንቱዋ ታተመ።

የሚድራሹ አራማይክ በቃል ይጫወታል፤ ወፏ «ቆሬ»፣ አፏ «መቆር»። እዚህ ርሖቮት፣ በቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ አያት በአማርኛ የልጅ ልጅ በዕብራይስጥ በሚያወሩበት ቤት ይህን ሁለተኛውን ቃል ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ልጁ በትምህርት ቤቱ ዕብራይስጥ «መቆር» ይላል፤ አያቱ «መንቁር» ይላሉ። ሥሩ አንድ ነው፤ ዕብራይስጡ የዋጣትን «ን» አማርኛው እስከ ዛሬ ይዟታል።